የመጋዘኑ ቁልፍ

ጎንደር፣ ሽንታ ማዶ፣ ከቆርቆሮው ክፍል፣
ከድንኳኑ ጎን ነው ኳሳችን የሚውል።
ሰው የሞተ እንደሆን ድንኳኑ ይወጣል፣
ቅዳሜ ሲሆን ግን ኳሱ ይጠየቃል።

ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ አያ ማንደፍሮ ዘንድ፣
ይፈርድብን ነበር ያንኑ የድሮ ፍርድ፦
«ኳስ እንጀራ ሆኖ ማንንስ አበላ?
ሆዱን ቢከፍቱለት ነፋስ ነው የሞላ!»

እኔ ገንዘብ ያዥ ነኝ፤ አሥር አሥር ብር ከሰው
በየወሩ ማብቂያ የምለቃቅመው።
በረኛችን ዳምጤ የሚኒባስ ረዳት፣
«ማራኪ! ማራኪ!» ሲል ድምፁ ያለቀበት።
ግራ ክንፉ ገላው መለያውን ሰፍቶ
ሁለት ሰባት ቁጥር ያወጣ ተሳስቶ፤
ዳኛው ቀይ ካርድ መዞ «ሰባት ቁጥር፣ ውጣ!»
«የትኛው ሰባት ነው?» ሕዝቡ ሁሉ ተቆጣ።
የሴቶቹ ቡድን መረብ ኳስ ይመታል፣
መረቡ የሽንኩርት ኬሻ ነው፣ ይሸታል።

አዘዞ ስንሄድ ጭነት መኪና ላይ፣
አራት ለአንድ ቀመስን በጠራራ ፀሐይ።
ቁልፉን ስንመልስ ውጤት አይጠይቅ፣
ኳስና ድስት ቆጥሮ፣ እሱ መቼ ሊስቅ።

በጥቅምት፣ ማክሰኞ፣ ጥሩንባ ተነፋ፣
ማንደፍሮ አረፈ፤ ቁልፉ አብሮት ጠፋ።
ካፖርቱን ፈተሽን፣ የትራሱንም ሥር፣
ለድንኳኑ ጌታ ድንኳኑ ሲቸግር
ዳምጤ ጓጉንቸሩን በድንጋይ ሰበረው፣
ከድንኳኑ እጥፋት መዝገቡን አገኘው።

«ካስማ፣ ሠላሳ ሁለት።
ድስት፣ አራት። አንዱ ሽንቁር።
ወንበር፣ ዘጠና። ሦስቱ ስብር።»

በዚያው በገጹ ግርጌ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣
ያልጠየቀን ሁሉ ተጽፏል ተብራርቶ፦

«ሚያዝያ ሰባት። አዘዞ አራት፣ ሽንታ አንድ።
ሁለተኛዋ ጎል ከጨዋታ ውጪ ናት።
ግንቦት ሁለት። ሴቶቹ አራዳን ሦስት ለባዶ።
ገላው የሚባለው ልጅ ቁጥር መቁጠር ይማር።
ሰኔ አንድ። ባዶ ለአንድ። በሰባት ቁጥሩ ነገር
ዳኛው በደለን።»

ዳምጤ ባለቀ ድምፁ
«በደለን» አለ፣ ደግሞ «በደለን»፣
ከውጭ ገላው እስኪጮህ፦ «ኧረ ካስማ አቀብለን!»

ቅዳሜ ጨዋታ የለም።
አዲሱ ጓጉንቸር ሁለት ቁልፍ አለው፤
አንዱን እኔ ይዤ፣ አንዱን ለማን ልስጠው?