ጥናቱን ይስጥሽ

ከይሮሐም ሲወጡ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ክዳኑ የዛገ፣ አጥር የለው ጥበቃ፣
አንድ ጉድጓድ አለ፣ ባልዲ የማይነካው፣
ለመጠጥ ሳይሆን ሰው ለማወቅ የለካው።

አጋር አለቀሰችበት የሚሉት ያ ማዶ ነው፤
ሰሌዳ ያለው፣ ጎብኚ ፎቶ የሚነሣው እርሱ ነው።
ይኼኛው ተአምር የለውም።

ቁጥር አሥራ ሰባት ነው በመዝገብ ላይ ስሙ።
ሴምዮን፣ የታሽከንቱ፣ ከነጉልበት ሕመሙ፣
በወሩ መጀመሪያ ማክሰኞ ይመጣል፤
ሽቦውን ከጥቅሉ ፈትቶ ይለቃል።
ይጠብቃል።
ጫፉ ውኃ ሲነካ ከላይ ትጮኻለች
ሳጥኗ፣ አንድ ጊዜ፤ ጫጩት ትመስላለች።
ቁጥሩን ይጽፋል፣ ክዳኑን ይገጥማል።
ሥራው ይኸው ነበር፣ ሠላሳ ዓመት ያህል።

እኔ የመጣሁት በመንግሥት ሥልጠና፣
ከሙት ባሕር ሆቴል መጥረጊያ ጥዬ ገና፤
በአርባ ዓመቴ ተማሪ፣ ደብተሬን አቅፌ፣
ስለ ከርሰ ምድር ልሰማ ተሰልፌ።
እርሱ ዕብራይስጡን በሩስኛ ሲያነክስ፣
እኔ በአማርኛ አንክሼ ስመልስ፣
ጉድጓዱ ነበረ ቋንቋ ያበደረን፤
ስናወራ ዝም አለ፣ ዝም ስንል ነገረን።

«ይኼ ውኃ» አለኝ፣ «ዘንድሮን አያውቅም፤
ሲዘንብ፣ በዚህ ምድር ሰው ስንዴ አልዘራም።
አዛውንት ነው፤ ቀስ ብለሽ ጠይቂው፤
ከመጠጣትሽ በፊት፣ እባክሽ፣ እወቂው።»

አንድ ዓመት ከኢየሩሳሌም፣ ሸሚዙ የተተኮሰ
ሰው መጣና ደብተሩን በሁለት ጣት ዳሰሰ።
«ይህን ሁሉ ዘመን ለካችሁ። ምን ተገኘ?» አለን።
በዕብራይስጥ ነው ያለው፤
እኔ ግን የሰማሁት
«ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ነው።

በጀቱ ተቆረጠ።
በደብተሩ ላይ ሁለት ዓመት ነጭ ነው፤
መስመሩ እዚያ ተበጥሶ፣ እታች ነው የቀጠለው፤
በመካከሉ ውኃው አራት ሜትር ወረደ።
መቼ? በየትኛው ወር? በማን ፓምፕ? ማን ወሰደ?
ጥያቄው ርካሽ ነበር፤ መልሱ ዛሬ አይገዛም፤
ያላነበቡት ማክሰኞ ተመልሶ አይነበብም።

ገንዘቡ ሲመለስ፣ ከዲሞና ዳቦ ጋጋሪው፣
ከሾፌሩ፣ ከእናቴ ጡረታ የተቆነጠረው፣
ሴምዮን አልጠበቀም።

ሰባቱን ቀን አራተኛ ፎቅ፣ ሐዘን ቤቱ ተቀመጥን።
እናቴ ደረጃውን እያረፈች ወጣች፤
ዕብራይስጥ አይሆንላትም፣ ሩስኛ ጭራሽ አታውቅም፤
መበለቲቱን አቅፋ፣ «ጥናቱን ይስጥሽ» አለቻት።
ጋሊና ወደ እኔ ዞረች፣ ምን እንዳለች ልነግራት።
አፌን ከፍቼ ቀረሁ።
የትኛውን ጥናት?

ዛሬ ማክሰኞ ነው። አራት ሠልጣኞች አሉኝ።
ሽቦውን ለሰልማን ሰጠሁት፣ ከራኽማ ለመጣው፤
አያቱ በዚህ ሜዳ ግመል ያጠጣ የነበረ ነው።
«ዝም በሉ» አለን፣ እንደ ሐኪም ጎንበስ ብሎ።
ዝም አልን። ሩቅ፣ የጭነት መኪና ማርሽ ቀየረ።
ሽቦው ወረደ፣ ወረደ፣
ጫጩቷ ጮኸች።

ካለፈው ወር ሦስት ሳንቲሜትር ዝቅ ብሏል።
ፊቱ ጠቆረ። «ክፉ ዜና ነው?» ይላል።
«ዜና ነው» አልኩት።
«ጻፈው።»