ከመላኩ በፊት

ሂርማታ ገበያ፣ ከጨርቅ ሱቆች በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ዝናቡ ቆርቆሮ ሲደበድብ ውሎ፣ እኔ ስክሪን ሳይ።
ሥራዬ ይኸው ነው፦ ከሰው ዐይን ቀድሜ ስሕተትን መልቀም፣
ማር ሻጭ ለደንበኛው የጻፈውን ኢሜይል ፊደል በፊደል መቃም።

ጡረታ ወጥቼ፣ ቀይ እስክሪብቶዬን ከኪሴ ሳልጥል፣
ሹክሪያ ጠራችኝ፤ «ጋሼ፣ እርስዎ ያንብቡት፣ ዳግም እንዳልቃጠል።»
አምና ነው ነገሩ። ስድስት መቶ ብሩ ስድሳ ሆኖ ወጣ፤
ኢሜይሉን ያየ ሁሉ፣ ጀሪካኑን ይዞ፣ ከአጋሮ ድረስ መጣ።
ቃሏን አላጠፈች፤ በተጻፈው ዋጋ፣ በስድሳ ሸጠችው፣
የጌራን የገተማ ማር፣ ነጩን፣ ያን ብርቁን፣ እያለቀሰች ቀዳችው።

ከዚያ ወዲህ እኔ አለሁ።

«ውድ ደንበኛችን» ይላል ሲጀምር፤ ውድ ሲሉ ምን ማለት?
የተወደደ ሰው ነው፣ ወይስ ዋጋው ሰማይ የነካበት?
«ቅናሽ አለ» ይላል። አለ ሲላላ ወሬ ነው፣ ሲጠብቅ ግን እውነት፤
ፊደላችን ሁለቱን አይለይም፤ ደንበኛው ይለየው በእምነት።
«እስከ ጥቅምት 31።» ወራችን ሠላሳ አይደለም እንዴ፣ ልጆች?
ሣቁ፣ ኮምፒውተሩ ጋ የተቀመጡት ሁለት ወጣቶች።
«እዚህ ይጫኑ» የሚለውን ተጭኜ፣ ማሩ ጋ ያደርሰኛል ስል፣
አፉን የከፈተ የቦዬ ጉማሬ ፎቶ ብቅ ይል!

ከታች ወረድ ብሎ «ንጹሕ ማር» የሚለው «ንጹሕ ማሪ» ሆኖ፣ አንድ እግሩን ዘርግቶ፤
አጠፋሁት። ግን እጄ ትንሽ ዘገየ፣ እንጃ ምን አይቶ።

ስድስተኛ ለ። ሰማንያ ልጅ። ጅሬን አፋፍ ላይ ያለው ትምህርት ቤት።
ሹክሪያ፣ የአባ ቢያ ልጅ፣ የመምህሯን ስም ጽፋ ስትሰጠኝ በወረቀት፣
«አስራት» ብላ ነበር፤ በአልፋው አ፣ በእሳቱ ሰ፤
ስሜ ግን በዐይኑ ዐ፣ በንጉሡ ሠ ነው፤ ትዕግሥቴ ፈረሰ።
«ዐሥር መሆኔ ቀርቶ ማሰሪያ ሆንኩ ወይ?» ብዬ በክፍሉ ፊት፣
ተንበርከኪ አልኳት፣ ጠጠር ላይ፣ እስኪደወል ዕረፍት።
በቤቷ ኦሮምኛ ነው። አማርኛን ገና በጣቷ ትቆጥር ነበር፤
እኔ ነኝ ጉልበቷን፣ ለአንዲት ፊደል ብዬ፣ ያስበላሁት ለጠጠር።

ይህን አንስታ አታውቅም። እኔም አላነሣሁ።

ደንቡ እንዲህ ነው፦ ለአራት ሺህ ሰው ከመበተኑ ቀድሞ፣
አንድ ቅጂ ለሙከራ ይመጣል፣ በእኔ ስም ታትሞ።
መብራት ሄደ። መጣ። ሞደሙ ዐይኑን ጨፍኖ ገለጠ፤
ስልኬ ኪሴ ውስጥ እንደ ንብ ጮኸ፤ አወጣሁት፤ ዐይኔ ፈጠጠ።

«ውድ መምህር አስራት»

በአልፋው አ። በእሳቱ ሰ።
ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ሳይጎድል፣ ሳይጨመር፣ ቤቱ ተመለሰ።

ረስታው ነው? ወይስ አስታውሳ? ፊቷን አየሁ በመስታወቱ፤
ከቦንጋ ነጋዴ ጋር በስልክ ትሟገታለች፣ ስለ ሰሙ፣ ስለ ክብደቱ።
ቀዩ እስክሪብቶ ስክሪን ላይ አይሠራም። ጣቴ ግን ይሠራል፤
ስሜ ላይ ሄዶ ቆመ፤ አንዴ ቢጫን ይሰረዛል።

አልተጫነም።

ያንን የሰረዝኩትን፣ ያንን «ማሪ»ን፣ መልሼ አየሁት በልቤ፤
ለአራት ሺህ ሰው ስሕተት ነው፤ ለአንዲት ሴት ግን… አልጨረስኩትም፣ አፌ ላይ ገድቤ።

«ጋሼ፣ ስሕተት አለ እንዴ?» አለችኝ፣ አንገቷን በበሩ አስግጋ።
«ዜሮዎቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው» አልኳት፣ «አልተነካም ዋጋ።
ላኪው።»

ላከችው። አራት ሺህ ንብ ከአንድ ቀፎ ወጣ።

ማታ ደረጃውን ስወርድ ጉልበቴን አመመኝ፤
«ብርዱ ነው» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።