ወለተ…

ከመሐል ሜዳ ገበያ፣ ቅዳሜ ማልጄ ወጥቼ፣
ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ቆብ፣ በፌስታል ቋጥሬ መጥቼ፣
ሦስት ቀለም ክር ገምጄ፣ ማተቧን አዘጋጅቼ፣
የቀሩትን ሁለት ቀኖች ቆጠርኩ በሁለት ጣቶቼ።

የክርስትና እናቷ ነኝ። ማለቴ፣ ልሆን ነበር፣
መስቀል ማግሥት ለተወለደች፣ ለእታፈራሁ በኩር።
ሰማንያ እስኪሞላ ድረስ ስም እንኳ አልነበራት፤
እናቷ ግን በጓዳዋ «ማሬ» እያለች ጠራቻት።

ሲመሽ ሳል ነው ብለን ነበር፤ እኩለ ሌሊት ላይ ባሰ፤
ቄስ ወልደሰንበት የሉም፣ ማዶ፣ አቦን ሊያነግሡ ወርደዋል፤
ጌጤነህ ባትሪውን ይዞ በጓሳው መሀል ገሠገሠ፣
አባት ነው፤ ጅብራውን ሁሉ ቄስ እየመሰለው ይጠራል።

እኔ ከደጁ ቆሜያለሁ፣ የቅል ውኃ ይዤ፣
ውርጩ ጣቴን እየቆረጠው፣ ከበራፉ ላይ ፈዝዤ።
ካህን አይደለሁ፣ ዲያቆን አይደለሁ፤ ሻማ አልባ፣ ቅብዓት አልባ፤
ግን ሦስት ጊዜ ብረጭባት… ብዬ፣ ጣቴ እቅሉ ገባ።
ገባና ወጣ። እርጥቡን እጄን በቀሚሴ ጠረግኩት።
ስንት ኃጢአት ተናዝዣለሁ፤ ይህን አንዱን ግን ደበቅኩት።

ሲነጋ ቄሱ ደረሱ፣ በቅሏቸው አረፋ ደፍቃ፤
እሷ በዝተት ተጠቅልላ፣ ከእናቷ ጡት ወርዳ፣ በቃ።

ከኪዳነ ምሕረት ቅጥር፣ ከካቡ ውጭ፣ ከጽዱ ሥር፣
አንድ ክንድ የማይሞላ ጉድጓድ፤ ዶማው ውርጩን ሲሰብር።
ቄሱ መጽሐፉን ገለጡ፤ ጸሎቱ ስም ይፈልጋል፤
«ወለተ…» አሉና ቆሙ። ቀጣዩ ቃል የት ይገኛል?
«ወለተ…» የማን? የማርያም? የሥላሴ? የገብርኤል?
ቃሏ ተንጠልጥላ ቀረች፣ ጫፉ እንዳልታሰረ ፈትል።

በማግሥቱ ሄድኩ። ደጀ ሰላሙ ላይ ነበሩ፣ ብቻቸውን ተቀምጠው።
«አባ፣ በሌሊት ለመጣው ለዚያ ሽማግሌ የተነገረው፣
ከውኃ ካልተወለደ የሚለው፣ ለእሷም ነው?»
«ሕግ ነው» አሉ፣ አቀርቅረው።
«ወንበዴውስ? በቀኝ የዋለው? የት ዮርዳኖስ ወረደ?»
«ከጌታ ጎን የፈሰሰው ነካው፤ በዚያ ተወለደ።»
«የቤተልሔም ሕፃናትስ?»
                    «እነሱማ በደማቸው፤
ሰይፍ ነው ያጠመቃቸው።»
«ሰይፍ ካጠመቀ፣ አባ፣ ሳል ማጥመቁ አቃተው?
ያ ጎን ለወንበዴ ፈስሶ፣ ለማሬ ሲሆን ምን ያዘው?»

ቄሱ ዝም። አርባ ዓመት ሙሉ ሲያጠምቅ የኖረ እጃቸው
ጉልበታቸው ላይ ተንቀጠቀጠ። ቆይተው፣ በለሆሳሳቸው፣
«አላውቅም» አሉ።
                    ከእሳቸው አፍ ይህን ቃል ሰምቼ አላውቅም።
«እኛን በውኃ አስሮናል፤ እሱ ግን…» ብለው፣ አልጨረሱም።

ሰማንያው ሞላ። እታፈራሁ በዋናው በር አልፋ፣
እንደ ደንቡ ቅዳሴ ገባች፣ ባዶ ክንዷን ታቅፋ።
እኔ ከካቡ ውጭ ቀረሁ፣ ከጽዱ ሥር። ፀሐይ ወጥታ፣
ቅጠሉ ላይ ያደረው ውርጭ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አለ በዝግታ።
ጥምቀት ነው አልልም። ጠል ነው። ለመሆኑስ ማን ነኝ እኔ?
ግን ሦስት ጊዜ ነበር፤ ቆጥሬዋለሁ በዓይኔ።

ማተቡን ከፌስታሉ አወጣሁ፤ አልቀበርኩት፣ አልጣልኩት፤
ከራሴ ማተብ ጋር ደርቤ አንገቴ ላይ አሰርኩት።

ከውስጥ የሙታን ስም ይጠራል፤ ወልደ እገሌ፣ ወለተ እገሊት፤
መሀል ላይ የቄሱ ድምፅ፣ «ወለተ…» ብሎ፣ አንዲት
ትንፋሽ ያህል ቆመ። ከካቡ ወዲህ ደረሰኝ ዝምታቸው።
ዲያቆኑ የረሱ መስሎት፣ ሌላ ስም አቀበላቸው።