ደም መልስ

አዌቱን ተሻግሬ፣ ጭቃዬን በር ላይ አራግፌ፣
ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ቀኑን መዝገብ ላይ ጽፌ፣
ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሼ አንድ ዓይኔን እጨፍናለሁ።
ከታች፣ ከፀጉር በቀጠነ የመስታወት ቦይ መሐል፣
ፓምፑ የሚገፋው ውሃ ሳይቸኩል ሳይዘገይ ይሄዳል።
ወለሉ ላይ ሕዋሶች አሉ፣ የደም ሥር የውስጥ ልባስ፣
እንደ መርካቶ ሱቆች አንዱ ለአንዱ ግድግዳ የሚያውስ።

ትናንት፣ ውሃው ሳይለቀቅ፣ ያለ ቅጥ ነበር የተበተኑ፤
ፊታቸው ወዲህም ወዲያም፣ እንደ ገበያ ሰው የባከኑ።
ዛሬ ግን ረዝመው፣ ቀጥነው፣ ባንድ አቅጣጫ ተኝተዋል፤
ጎርፍ ያበጠረው ሣር፣ አዌቱ ዳር፣ እንዲህ ይመስላል።
ዓይን የላቸው። ማን ነገራቸው ውሃው ወዴት እንደሚሄድ?
ውስጣቸው ግን ድንኳን አለ፣ የተወጠረ ገመድ በገመድ፤
ጠርዙን ጣት ቢነካው ምሰሶው ይሰማዋል፤
አስኳሉም ከመሐል ሆኖ «ግንብ ጨምሩ» ይላል።

*

ጋሽ ነስሩን ያወቅኩት ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ነው፤
በሳምንት ሁለት ቀን ደሙን ሊያሳጥብ ከሰቃ የሚመጣው።
በርጩማ ጠራቢ ነው። ሦስቱን እግርና መቀመጫውን ካንድ ግንድ
የሚያወጣ፤ ምስማር የሚንቅ፣ ሙጫ የማይወድ።

ግራ ክንዱ ላይ ሐኪሞቹ፣ በክርና በመርፌ ሸምግለው፣
ደም መልሱን ከደም ቅዳው አጋብተዋል፣ ጎን ለጎን ሰፍተው።
ደም መላሽ እንዳይመስላችሁ፤ ቂም አያውቅም ይሄ ሥር፤
ደም መልስ ነው፤ ወደ ልብ የሚመለስ፣ ቀስ ብሎ የሚኖር።
አምሳ ዓመት በለዘብታ ኖሮ፣ ድንገት፣ ባንድ ማታ፣
የልብ ግፊት ወረደበት፣ እንደ ሐምሌ ጎርፍ፣ ያለ ፋታ።
ይፈነዳል ብዬ ነበር።
አልፈነዳም።
ስድስት ሳምንት አጠና። ሰፋ። ደነደነ።
ግድግዳውን በግድግዳ ላይ ከውስጥ ከደነ።

«ንኪው» አለኝ። ጣቴን አሳረፍኩ።
ብርርርር።
ከቆዳው ሥር ንብ ሰፍሯል፤ ንግሥቷ የማትታይ።
«ጠዋት ስነሳ» አለ፣ «መጀመሪያ ጆሮዬን እዚህ ላይ።
ዝም ካለ፣ ረግቷል ማለት ነው።»
ከዚያ መዳፉን ዘረጋ፤ የመጥረቢያ እጀታ ያበሰለው፣
መጅ ያወጣ ቆዳ።
እህል የሚፈጨውም ድንጋይ ስሙ መጅ ነው።
አማርኛ ከእኔ ቀድሞ ነው የተመራመረው።

*

አንድ ቀን ወደ ክፍሌ አስገባሁት፤ «እይ» አልኩት።
ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ። ትንፋሹን ብቻ ሰማሁት።
«ይሄማ ዋንዛ ነው» አለ፤ «የእንጨት ጅማት፤
በዚህ ብትመቺው ይላጥልሻል፣ በዚያ ግን ይሰነጠቃል ካናት።
ዳገት ላይ የቆመ ዛፍ፣ ነፋስ ሲገፋው የኖረ፣
በዘመመበት ወገኑ ሌላ እንጨት ነው የጨመረ፤
መሮው ያውቀዋል፣ ድምፁ ይለወጣል።
ነፋስ ያልገፋው እንጨት ቆንጆ ነው፤
ሰው ሲቀመጥበት ግን ያለቅሳል።»

*

ሐሙስ ሌሊት መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩም ነዳጅ አልነበረው።
ዓርብ ስገባ ፓምፑ ዝም፤ ውሃው እንደ ቦዬ ረግረግ የቆመው፤
ሕዋሶቹ አቅጣጫቸውን ረስተው፣
መንገድ የጠፋው ሠርገኛ መስለው።
የሳምንት ሥራዬ ነበር።
እኔ ግን ስልኬን አነሳሁ፤
«ጋሽ ነስሩ፣ ይጮኻል?» አልኩት፤ ሰላምታውን ረሳሁ።
«ምኑ?»
«ክንድህ!»
ዝም አለ። ጨርቅ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።
ከዚያ ስልኩን አስጠጋልኝ፤
ከኔትወርኩ መቆራረጥ መሐል ንቡ መጣልኝ።
ከኋላውም፦ ቋ፣ ቋ፣ ቋ።
«ዶክተሩ መጥረብ ከልክሎህ የለም?»
«ልጄ ነው» አለ፤ «እኔማ የጨርቅ ኳሴን እየጨበጥኩ።»
ቋቋታውም በዚያው ቆመ።
ዋሽቷል። እኔም ምንም አላልኩ።

መዝገቡን ገለጥኩ፦
«ዓርብ። ሁለት ከሃያ።
መብራት መጣ። ፍሰት፣
እንደገና፣ ከመጀመሪያ።»