ሽማግሌ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ

ከአውቶቡሱ ስወርድ ነፋስ ተቀበለኝ፣
በክራባቴ ይዞ እንደ በግ ጎተተኝ፤
"ገመዱን!" ብሎ ቾኬ ጮኸብኝ።
ለካ በፑንታ አሬናስ፣ በየመንገዱ ማዕዘን
ገመድ ይወጠራል ለእግረኛው መያዣ፣
ሰው እንደ ጋዜጣ ተገንጥሎ እንዳይሄድ።
ያዝኩት፤
የአዲሱ አገሬ የመጀመሪያ እጅ እሱ ነበር፣
ሻካራ፣ ጨው የጠገበ፣ ስሜን ያልጠየቀ።

ስሜማ ደረቴ ላይ ነው፣ በጥቁር ሰሌዳ፤
"ኤልደር ታገርት" ይላል።
ኤልደር ማለት ሽማግሌ ነው።
ሽማግሌ የተጣላ ያስታርቃል፣
ድንበር ያካልላል፣ ሲናገር ይደመጣል፤
እኔ ጢሜ ገና ለመብቀል እያማከረ፣
ካልሲዬን እናቴ በየጥንዱ ቋጥራ የላከችኝ፣
ትናንት ማታ የጋዝ ምድጃ መለኮስ ያቃተኝ
ሽማግሌ ነኝ።

አልጋው ከእኔ በፊት የነበረውን ልጅ አልረሳውም፤
የወገቡን ጉድጓድ፣ የትከሻውን ስፋት ይዞ ቀርቷል።
ሌሊት ሌሊት በማላውቀው ሰው ቅርጽ ውስጥ እተኛለሁ።
ግድግዳው ላይ ካርታ፣ ከካርታው ግርጌ የእጁ ጽሕፈት፦
"ሰማያዊው በር፤ ውሻው ይናከሳል።
ዓሣ አጥማጁ ኦያርሶ፤ ሳይሰክር አይከፍትም፣ ሲሰክር ያለቅሳል።
ዶኛ ኤዱቪና፤ ትሰማለች። ትሰማለች። አትጠመቅም።"

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ተኩል መነሣት፣
ጸሎት፣ ዳቦ በማርማላታ፣ ከዚያ በር፣ ከዚያ በር።
ነጭ ሸሚዛችንን በመስኮት ያየ ቤት
ቴሌቪዥኑን ሳይቀር ዝም ያሰኛል።
ቾኬ ይስቃል፤ ከኦሩሮ ነው፣ አሥራ አራት ወር ቆይቷል፣
"ቢያንስ ዛሬ ነፋሱ ከኋላ ነው" ይላል።
ማታ አራት ሰዓት ፀሐይ አልጠለቀችም፤
እግሬ መሽቷል፣ ሰማዩ አልመሸም።

ማክሰኞ ኤዱቪና በሯን ከፈተች፣
ሰላምታ ሳትሰጥ ጣሪያዋን አሳየች፤
አንድ ቆርቆሮ ከምስማሩ ተነቅሎ
ክንፉ እንደ ተሰበረ ወፍ ይወራጫል።
መጽሐፌን ለቾኬ ሰጠሁ፣ መዶሻ ተቀበልኩ።
አይዳሆ ውስጥ፣ የአባቴን የድንች መጋዘን
ክረምት በመጣ ቁጥር ጣሪያውን የመታሁ እኔ ነኝ።
ስለ ንስሐ በስፓኒሽ አምስት ቃል የለኝም፤
ምስማር ግን አስተርጓሚ አይፈልግም።

ስወርድ ወንበር ሳበችልኝ፣ ሙቅ ወተት ቀዳች፤
"እንዴት ነህ ልጄ?" አለች።
"ካንሳዶ" ልል፣ ደክሞኛል ልል፣
አንዲት ፊደል በጥርሴ መሐል ሾልካ ጠፋች፤
"ካሳዶ" አልኩ፤ አግብቻለሁ።
ቾኬን ወተቱ ትን አለው።
እሷ ግን ረጋ ብላ፣ ጽዋውን እያዞረች፣
"ያው ነው፤ አርባ ዓመት አግብቼ አርባ ዓመት ደክሞኛል" አለች።
ከምድጃው አጠገብ የወንድ ቦቲ ተገትሯል፣
በየሳምንቱ ቅባት የሚጠጣ፣ የሚለብሰው የሌለ፤
ባሏ ሸርጣን ሊያጠምድ ወጥቶ
የባሕሩ ሰርጥ ጀልባዋን ብቻ መለሳት።

"ያንን ነገር በል" አለችኝ፣
"ጋብቻ በሞት አያልቅም የምትሉትን።"
ቾኬን አየሁት፤ እሱ ወለሉን አየ።
እንደምንም ጀመርኩ፣ ቃል በቃል፣
ግሱን እየሳትኩ፣ ቆሜ እየፈለግሁ፣
እንደ ሕፃን መሰላል እየወጣሁ።
ስጨርስ እጇን በቦቲው ላይ አኑራ ቆየች።
"ያኛው ልጅ አንደበተ ርቱዕ ነበር" አለች፣
"እንደ ሬዲዮ ያነበንበዋል፤
አንተ ቃል ስለሌለህ ቀስ ብለህ ትለዋለህ።
ቀስ ሲባል ትንሽ ይታመናል።"
ስለ ጥምቀት አላነሣችም። አላነሣሁም።

ማታ፣ ካርታው ግርጌ፣ ከእሱ ጽሕፈት በታች፣
በእኔ ጠማማ እጅ አንድ መስመር ጨመርኩ፦
"ኤዱቪና፤ የጣሪያው ሰሜን ጥግ።
የምትመጡ ልጆች፣ ምስማር ያዙ።"