ልዋጭ በፖስታ

«ስምንት ሺህ» አሉኝ፤ ሳያዩት፣ ሳይነኩት፣
«አሮጌውን ሰዓት በፖስታ ይላኩት፤
ቀሪውን ጨምረው አዲሱን ያጥልቁት።»
ፈታሁት።
ከአንጓዬ ላይ ሲወርድ አንድ ነገር ቀረ፦
ሦስት ዓመት ከፀሐይ ተደብቆ የኖረ
ነጭ ቀለበት፣ የሕፃን ገላ የመሰለ፣
በድሬ ግንቦት እንኳ ያልተቃጠለ።

ቅጹ አድራሻ ይላል፤ የመንገድ ስም፣ ቁጥር።
እኔ ቤቴን የማውቀው ለሰው ሲነገር፦
«ከደቻቱ ድልድይ ወዲህ፣ ከወፍጮ ቤቱ ዞር ብለህ፣
አረንጓዴውን በር፣ የኒሙን ዛፍ እንዳየህ።»
ለኒሙ ቦታ የለም። ባዶም አይቀበልም።
«ዜሮ» ብዬ ሞላሁት፤ ቁጥር ነው ዜሮም።

ፖስታ ቤት፣ ከመስኮቱ ኋላ፣ ጋሽ አብዱረዛቅ
ሣጥኗን ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘናት እንደ ወርቅ።
«ምንድነው?» «ሰዓት ነው።» «ይሄዳል?» «በደንብ ይሄዳል።»
መነጽሩን አወለቀ፤
«የሚሄድ ሰዓት ታዲያ ለምን በፖስታ ይላካል?»
የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ አብሬ፣
የመላኪያውን ሦስት መቶ ሃያ ብር ቆጥሬ።

ከዚያ ዝምታ። አንድ ሳምንት። አሥራ አንድ ቀን።
«ጥቅልዎ ደርሷል፤ በምርመራ ላይ ነን።
ውጤቱን ሦስት ሰዓት ላይ ይጠብቁን።»
በማን ሦስት ሰዓት?
ጠዋት ጠበቅሁ፣ ከተማው ሳይሞቅ፣ ጫቱ ሳይገባ፤
ከሰዓት ጠበቅሁ፣ ድሬ በሯን ዘግታ ስታንቀላፋ፤
በማግስቱ ደግሞ ሰፈሩ መብራት ጠፋ።

በአራተኛው ቀን መብራት ሲመጣ፣ ስልኬ ተንጫጫ፦
«መስታወቱ ላይ ጭረት ተገኝቷል።
አዲሱ ግምት አራት መቶ ሃምሳ ብር ሆኗል።
በሦስት ቀን ካልተቃወሙ እንደተስማሙ ይቆጠራል።»
ሦስቱ ቀን አልፏል።
ደወልኩ። ሙዚቃ። «ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው።»
ክብሬን ይዤ አርባ ደቂቃ ቆየሁ፤
ሒሳቤ አለቀ።

እውነት ለመናገር፣ ጭረቷ አለች፤ አልክድም።
ከላይ፣ በቀኝ በኩል፤ የጥፍር ጫፍ አታህልም።
አባቴን በሌሊት ድል ጮራ ስናስገባው
የቃሬዛው ብረት ነው መስታወቱን የነካው።
የባቡር ሰው ነበር፤ ደቂቃ የማይበላ።
በዚያ ጣር ውስጥ ሆኖ ክንዴን ገልበጥ አርጎ፣
«ይሄ ቴሌቪዥንህ ምን ይላል?» አለኝ።
መቶ አርባ ሁለት ይላል። የልብ ምት፤
የእሱ ሳይሆን የኔ።
«ደህና ነህ ይላል» አልኩት።
ሰዓቱ አልዋሸም፤ እኔ ነኝ የዋሸሁበት።
እስከ ንጋት አልቆየም።

የዚያችን ሌሊት ዋጋ የነገረኝ የለም፣ እስከ ዛሬ፤
እነሱ ግን ተመኑልኝ፣ ከስምንት ሺው ቀንሰው፦
ሰባት ሺህ አምስት መቶ ሃምሳ።

ሰኞ ጠዋት «ቆራሌው! ልዋጭ!» እያለ ሂርሲ መጣ፣
ጆንያው ትከሻው ላይ፣ ጆጎቹ በገመድ ተሰክተው።
ለእሱ ሰጥቼው ቢሆን፣
ፊት ለፊቴ ቆሞ ዕቃዬን ይሰድበው ነበር፣
«ይሄ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ጥሎኝ ይሄድ፣
ከኒሙ ሥር ደርሶ ይመለስ ነበር።
ጭረቷን በአውራ ጣቱ ዳብሶ «ይቺስ?» ይለኝ፣
እኔም እነግረው ነበር።
«ነፍስ ይማር» ብሎ፣ ትንሽ ዝም ብሎ፣
ሃምሳ ብር ይቀንስ ነበር።
ሃምሳ ብቻ።

ሜዳ የቀረውን ቻርጀር አወጣሁለት፣
በሁለት የላስቲክ ጆግ፤ ሦስተኛውን እምቢ አለ።
«ሰዓቱስ?» አለኝ።
ክንዴን ዘረጋሁ። ነጩ ቀለበት የለም፤
መልስ ስጠብቅ ፀሐይ ሞልታዋለች።
«ሄደ» አልኩት፣ «በፖስታ።»
ሂርሲ ጆንያውን እያነሣ፦
«ሄደ ካልክማ
ደህና ሰዓት ነበር።»