የፀጉር ስንጣቂ

ቶርኖ ቤቴ ገላን ዳር ነው፣ የጎማ ጠጋኙ ጎረቤት፤
የጎበጠ የወፍጮ ዘንግ ማለዳ ማለዳ የሚገባበት።
ጠብመንጃ ነክቼ አላውቅም።
ሻምበል ጥላዬ አንድ ቀን በጋቢ ጠቅልሎ መጣ፤
አስቀድሞ ፈቃዱን ዘረጋ፣
ማኅተሙን በጣቱ መታ፣
ከዚያ ነው ጋቢውን የፈታ።

«ፋብሪካ የሠራው ነው» አለኝ፣ «ለክበቡ ውድድር የያዝኩት፤
መቶ ሜትር ላይ መርፌ ነው፣ ስድስት መቶ ላይ ግን አጣሁት።
የመዝጊያው ቤት ነው ይላሉ፣ ከአፈሙዙ ጋር ያልቀና፤
ብታርመው ይሰበሰብ ይሆናል፤ እየው እስቲ በጥሞና።»

ፈታሁት። ቤቱን ለብቻው በቶርኖው አፍ አስነከስኩት፣
ዳያሉን ከፊቱ ተክዬ በቀስታ፣ በእጄ አዞርኩት።
መርፌዋ ሄደች፣ ተመለሰች፤
አንዲት ፀጉር ለሁለት ብትሰነጠቅ፣
ያችን ታህላለች የሳተች።

የመዝጊያውን ሁለት ጆሮ የሻማ ጥቀርሻ ቀባሁት፤
ዘግቼ ከፍቼ ሳየው፣ አንዱን ጠርቶ አገኘሁት፤
ሌላው እንደጠቆረ ቀረ።
በአንድ ጆሮ ነበር ለካ
ያን ሁሉ ጩኸት የሰማው።
ፋብሪካ አይዋሽም መቼም፤
ይቸኩላል እንጂ እንደ ሰው።

ሦስት ቀን ሠራሁ። ፊቱን ላጨሁ፣ ጥርሱን እንደ አዲስ አወጣሁ፣
ጆሮዎቹን በዱቄትና በዘይት እስኪስማሙ ድረስ አሸሁ።
ሂርጳ፣ ተለማማጄ፣ መብራት ይዞ አጠገቤ ቆሞ፣
«ጋሼ» አለ፣ «ይቺ ፀጉር ስንት ትሆናለች እዚያ ማዶ?»
በዘይት ካርቶን ላይ አሰላሁ፣
ሰረዝኩ፣ ደግሜ አሰላሁ።
«መብራቱን ቀና አርገው» አልኩት።

እሑድ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ ክበቡ የሚተኩስበት
አሮጌ የድንጋይ ካባ፤
ግራና ቀኙ የጤፍ ማሳ፣ ማዶው የየረር ትከሻ።
ፊት ባርኔጣ ያህል የነበረው የጥይቶቹ መበታተን
ያን ማለዳ የሻይ ሰሃን አከለ።
ሻምበል አቀፈኝ። «እጅህ ይባረክ!»
ብሩን ኪሴ ሲከትልኝ
ትከሻዬ ሰፋ፤ ሰዎቹ ፊት ተንጎራደድኩ፣
«የፀጉር ስንጣቂ ናት» እያልኩ።

ረፋዱ ላይ ግን ነፋሱ ከየረር ወረደ፤
ጤፉ ተኛ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ወደ ግራ ሄደ።
ሰሃኑ ተሰበረ፤ አንዷ ጥይት ከወረቀቱም ወጣች።
ልጁ ዙሪያሽ የክበቡን አሮጌ፣
ማንም ሞረድ ያላስነካውን ይዛ በደረቷ ተኛች፤
ጤፉ ቀጥ ሲል ብቻ፣
ትንፋሿን እግማሽ ላይ አቁማ፣
አምስት ላከች።
ሰሃን አልሆነም። ባርኔጣም አይደለም።
በመካከል ያለ ዕቃ ስም ፈለግን፤ አጣን።

ስንመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሻምበል ጉሮሮውን ጠረገ።
«መነጽሩን የያዘው ብሎን
ላልቶ ኖሯል ለካ፤ ካንተ ወስጄ ስገጥመው ነው ያየሁት።
አጥብቄዋለሁ።
ጥይቱም የዛሬው ሌላ ነው፤ ይሻላል ብለውኝ።»
ዝም አልኩ።
የቱ ነው እንግዲህ የሰበሰበው? ቶርኖዬ? ብሎኑ? ጥይቱ?
ወይስ ነፋሱ ያን ማለዳ
አልነቃም ነበር ገና?
ብሩን ልመልስለት አሰብኩ። አልመለስኩም።
ያ ጆሮ ግን ደንቆሮ ነበር፤
እሱን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሰኞ የወፍጮ ዘንግ መጣ።
ሳልጀምር፣ ምን እንደገፋኝ እንጃ፣
ዳያሉን በገዛ ቶርኖዬ አፍ ላይ ተከልኩና በእጄ አዞርኩ።
መርፌዋ ሄደች፣ ተመለሰች።
ሂርጳ አየኝ። አየሁት።
በአስፋልቱ ሲኖትራክ አለፈ፤ ወለሉ ተንቀጠቀጠ።
«መኪናው ነው» አለኝ ሂርጳ።
እስኪርቅ ጠበቅን።
ሌላ መጣ።